ሻማው ከፊት ይሂድ

መስኮት የሌላቸው፣ ጭስ የማይወጣቸው፣
በር ብቻ የሆኑ፣ ሰው የማያድርባቸው፣
ጀርባቸውን ለአፈር፣ ፊታቸውን ለመንገድ
ሰጥተው የሚኖሩ፣ የአንድ አያት ዘመድ፤
ሰባ ሁለት ቤቶች። ቆጠርኩ እየወጣሁ፤
"የማን መንደር ነው ይሄ?" አንዱን ጠየቅሁ።
"የወይኑ ነው" አለኝ፣ በርሜል አጣቢ ልጅ፤
"እኛ ታች ነው ያለን፤ እዚህ እንግዳ ነን እንጅ።"

በሀንጋሪ ደቡብ፣ ጥቅምት ሲጋመስ ነው።
ኮረብታው በሙሉ ይሸታል፤ የፈላ ነገር ነው።

ቦርባላ መጣች፣ ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቃ፣
ክንድ የሚያህል ቁልፍ በገመድ አንቃ።
"ወይን ታውቃለህ?" አለች። "አላውቅም" ብላት፣
"ተመስገን" አለችኝ፤ "አዋቂው ነው መዘዝ ያለበት፤
ያሽከረክራል፣ ያሸታል፣ ይተፋል ከመሬት፤
ያንተ ቢጤ ይጠጣል፤ ይሄዳል ወደ ቤት።"

ሕጉን ነገረችኝ፣ ደፉ ላይ አቁማ፦
"ፉጨት ክልክል ነው፤ ስድብም አይሰማ፤
ሐሜት ይፈቀዳል፤ እሱ ከሌለማ
ወይኑም አይበስል። በርሜል ግን እንዳትመታ፤
አራስ ልጅ ይዟል፤ አይቀሰቀስ በቧልታ።"

ከዚያ ሻማ ለኮሰች፣ ከእንጨት ጫፍ ሰክታ፤
ከጉልበቷ ዝቅ አርጋ፣ በዝግታ መርታ፣
"ሻማው ከፊት ይሂድ፤ ጥንስሱ ይተነፍሳል፤
ትንፋሹ መልክ የለው፣ እንደ ውኃ ይተኛል።
ነበልባሉ ካነሰ፣ እግርህን መልስ፤
ከጠፋ አትጠይቅ፤ ሩጥ ደጅ እስክትደርስ።"

ሃያ ሦስት ደረጃ። ግድግዳው ለምድ ለብሷል፤
ጥቁር ሻጋታ ነው፣ እንደ ድመት ጀርባ ለስልሷል።
በሻጋታው መሐል ሳንቲም ተሰክቷል፤
የሞተ ንጉሥ መልክ፣ ከፈረሰ አገር ቀርቷል።
"የተጣበቀለት ይመለሳል ይላሉ"
አለች፤ ጨመረችም፣ "የማይመጡም አሉ።"

ረጅሙን ቅል ነክራ፣ በትንፋሿ ስባ፣
በአውራ ጣቷ ዘጋች፤ ብርጭቆዬ ውስጥ ገባ
ጉሹ፣ ደፍራሹ፣ ገና ያልሰከነው፤
ምላስ ላይ ሲያርፍ ማር፣ ጉሮሮ ላይ ክስ ነው።
ደስ ብሎኝ፣ ሳላስበው፣ በመሐል ጣቴ
በርሜሉን ኳ አረግሁት። ወይ ቅብጠቴ!

"ተቀጣህ" አለችኝ፤ መጥረጊያ ሰጠችኝ፤
ጎን ወዳለው ዋሻ በሻማ መራችኝ።
በሩ ላይ የተጠረበ ስም፦ ሄንሪክ ሽታንግል።
ሰባት በርሜል። ባዶ። ወለሉ
እንደ ታጠበ ሳህን፤ አቧራ የለም ቅንጣት።
"ምኑን ልጥረገው?" አልኳት።
"ጥረግ።"

ጠረግሁ።

"ልጅ ነበርኩ" አለች፣ "ከጦርነቱ ወዲያ፤
ጀርመን ናችሁ ተብለው፣ ለቀማው ሳያልቅ ገና፣
ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ፣ በባቡር ተጫኑ።
በእነዚህ በርሜሎች ጥንስሶቹ ይፈሉ ነበር፤ ሳይሰክኑ።
ሄንሪክ ቁልፉን ለአባቴ ሰጠው፤ ምንም አላለው፤
አባቴም ሻማውን ይዞ ገባ፤ ጠበቀው፣ አጠራው፣ ገለበጠው፤
አንዲት ጉንጭ ግን አልቀመሰ፤ እየቆየ መነመነ፤
አደራ አይጠጣም ብሎ፣ ወይኑ በእንጨቱ በነነ።

አምና የልጅ ልጁ መጣ፤ ሽበታም ሰውዬ ነው፤
በቋንቋ አልተገናኘንም፤ በሩን በመዳፉ ዳበሰው።
ቁልፉን ሰጠሁት። መዘነው በእጁ፤
ምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው፤ ወጣ በደጁ።
ምን ማለቱ ነው?" ብላ ዞራ አየችኝ፤
መልስ ያለኝ መስሏት ነው። መጥረጊያውን ተቀበለችኝ።

ስንወጣ ሳንቲሜን ግድግዳው ላይ ጫንኩ፤
ወደቀ። አነሣሁ፤ ሌላ ቦታ ፈለግሁ፤
ወደቀ።
ጎንበስ ብላ ለቀመችው፤ በሻማው ብርሃን አየችው፤
ከሽርጧ ኪስ ከተተችው፤
"ይቺ እንኳ" አለች፣ እየሳቀች፣
"ለሻማ መግዣ ትሆናለች።"